ኦክታቪያ በትለር፦ በሕይወት ለመቆየት የሚከፈለው ዋጋ

ክቡራትና ክቡራን፣

ስለ አሜሪካዊቷ የሳይንስ ልቦለድ ደራሲ ስለ ኦክታቪያ በትለር ሕይወትና ሥራ እንድናገር ዕድሉ ስለ ተሰጠኝ አመሰግናለሁ። የዚህች ደራሲ ስም ሲነሣ ብዙውን ጊዜ ሁለት ነገሮች አብረው ይነሣሉ። አንደኛው፣ ነጮችና ወንዶች በሞሉት የሙያ መስክ ስም ያተረፈች ጥቁር ሴት መሆኗ ነው። ሁለተኛው፣ መጪውን ዘመን አስቀድማ ተንብያለች መባሉ ነው። የመጀመሪያው እውነት ቢሆንም ምን እንደ ጻፈች አይነግረንም፤ ሁለተኛው ደግሞ፣ ወደ ኋላ ላይ እንደማስረዳው፣ የጻፈችውን ያደበዝዝብናል ብዬ አምናለሁ። እኔ የምከተለው ክር ሌላ ነው። በትለር ለሠላሳ ዓመታት በጻፈቻቸው ልቦለዶችና አጫጭር ታሪኮች ውስጥ ደጋግማ የጠየቀችው አንድ ጥያቄ አለ፤ እርሱም አቅም የሌለው ሰው በሕይወት ለመቆየት ምን ያህል ዋጋ ይከፍላል፣ ያንን ዋጋ መክፈሉስ ውርደት ነው ወይ የሚል ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላሳስብ።

በትለር የተወለደችው ጁን 22 ቀን 1947 በካሊፎርኒያ ግዛት፣ በፓሳዲና ከተማ ነው። አባቷ የሊስትሮ ሥራ ይሠራ የነበረ ሲሆን እርሷ ገና ልጅ ሳለች ስለ ሞተ፣ ያሳደጓት እናቷና አያቷ ናቸው። እናቷ የተወለደችው በሉዊዚያና፣ በሸንኮራ አገዳ እርሻ ላይ ነበር፤ በዚያ የነበረው ኑሮ ከባርነት የሚለየው ሠራተኛው ከፈለገ ለቆ መሄድ በመቻሉ ብቻ እንደ ነበር በትለር ከእናቷ ሰምታለች። ቤተሰቡም በመጨረሻ ለቆ ወደ ካሊፎርኒያ መጣ። እናትየው ትምህርቷን በልጅነቷ ያቋረጠች፣ በነጮች ቤት እየዞረች የምታጸዳ የቤት ሠራተኛ ነበረች።

ትንሿ ኦክታቪያ አንዳንድ ጊዜ እናቷን ተከትላ ወደ ሥራ ቦታዋ ትሄድ ነበር። በዚያም እናቷ በፊት ለፊት በር ሳይሆን በኋላ በር ስትገባ አየች፤ አሠሪዎቹም እናቲቱ ጆሮ የሌላት ይመስል፣ እርሷ በቆመችበት ስለ እርሷ ክፉ ሲናገሩ ሰማች። እናቷ ምንም አልመለሰችም። ልጅቷ በአሠሪዎቹ ከመናደድ ይልቅ በእናቷ አፈረች፤ ለምን ዝም ትላለች፣ ለምንስ ትታ አትወጣም እያለች በሆዷ ተቆጣች። ካደገች በኋላ ግን፣ እናቷ ያንን ሁሉ ባትችለው ኖሮ እርሷ ጠግባ በልታ ባላደረች ነበር ብላ በተደጋጋሚ ተናግራለች። ከዚህ እፍረትና ኋላ ከመጣው መረዳት መካከል ያለው ርቀት ነው፣ በእኔ ግምት፣ ደራሲዋን የሠራት።

ያችው እናት አሠሪዎቿ የጣሏቸውን አሮጌ መጻሕፍት ለቅማ ለልጇ ታመጣ ነበር። በትለር ዲስሌክሲያ የሚባለው የንባብ ችግር ነበረባት፤ በቁመቷ ከእኩዮቿ የበለጠች፣ እጅግ ዓይን አፋር ስለ ነበረችም ትምህርት ቤት ለእርሷ የመከራ ቦታ ነበር። መሸሸጊያዋ የፓሳዲና የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሆነ። በ10 ዓመቷ የጽሕፈት መኪና እንዲገዛላት ለመነች፤ እናቷም ከዚያች ከማትበቃ ገቢዋ ላይ ቆጥባ ገዛችላት። በ12 ዓመቷ ከማርስ ስለ መጣች ሴት የተሠራ አንድ ደካማ ፊልም በቴሌቪዥን አይታ፣ ከዚህ የተሻለ ታሪክ እኔም መጻፍ እችላለሁ ብላ ተነሣች፤ ይህን የመሰለ ነገር ጽፎ ገንዘብ የተከፈለው ሰው እንዳለም ልብ አለች። በ13 ዓመቷ ግን አንዲት አክስቷ በፍቅር ቃል፣ ጥቁር ሰው ደራሲ ሊሆን እንደማይችል ነገረቻት። አክስትየዋ ክፉ አልነበረችም፤ የምታውቀውን ነው የተናገረችው። በትለር ራሷ እስከዚያን ቀን ድረስ ጥቁር ሰው እንደ ጻፈው የምታውቀው አንድም የታተመ ነገር አላነበበችም ነበር።

በ1968 ከፓሳዲና ሲቲ ኮሌጅ ተመረቀች። ከዚያም በደራሲዎች ማኅበር በሚሰጥ ነጻ የጽሕፈት ሥልጠና ላይ ደራሲው ሃርላን ኤሊሰን ችሎታዋን አየና፣ በፔንሲልቬኒያ ይካሄድ ወደ ነበረው የክላሪዮን የሳይንስ ልቦለድ ዐውደ ሥልጠና እንድትሄድ ገፋፋት። በ1970 ሄደች፤ በዚያው ወቅትም ሁለት አጫጭር ታሪኮች ሸጠች። መንገዱ የተከፈተ መስሏት ነበር፤ ሆኖም ከዚያ በኋላ ለአምስት ዓመታት አንዲት ቃል እንኳ የሚገዛት አላገኘችም።

እነዚህ አምስት ዓመታት በቸልታ የሚታለፉ አይደሉም። በትለር በዚያ ጊዜ ዕቃ አጥባለች፣ በስልክ ሸቀጥ ሸጣለች፣ በፋብሪካ ውስጥ የድንች ቺፕስ እየመረመረች የተበላሸውን ለቅማለች። እነዚህን ሥራዎች የመረጠችው ሐሳቧን ስለማይነኩባት ነው። ሌሊት በስምንት ሰዓት ገደማ ትነሣና ሥራ መግቢያዋ እስኪደርስ ትጽፋለች። በኋላ ለጀማሪ ጸሐፊዎች በሰጠችው ምክር፣ ተመስጦ የሚባለውን ነገር አትጠብቁ፣ ልማድ ግን ተመስጦ ኖረም አልኖረም ይዟችሁ ይቆማል የሚል ሐሳብ አስፍራለች። ይህ ከተሳካለት ሰው አፍ ሲወጣ ቀላል ይመስላል፤ እርሷ ግን የተማረችው ማንም ሳያነባት በጻፈችባቸው ሌሊቶች ነው።

በ1974 መጨረሻ ከስልክ ሽያጭ ሥራዋ ስትቀነስ፣ ያንን አጋጣሚ ይዛ ልቦለድ ለመጨረስ ቆረጠች። የመጀመሪያ መጽሐፏ «ፓተርንማስተር» በ1976 ታተመ፤ ተከታታዮቹም በየዓመቱ መውጣት ጀመሩ። ስለ እነዚህ የመጀመሪያ መጻሕፍት ብዙ አልናገርም፤ ገና እጇን የምታፍታታ ደራሲ ሥራዎች ናቸውና። ከእነርሱ አንዱን፣ በ1978 የወጣውን «ሰርቫይቨር»፣ ራሷ ስላልወደደችው ዳግም እንዳይታተም ከልክላለች። ከዚህ ተከታታይ ውስጥ ጸንቶ የሚቆመው በ1980 የወጣው «ዋይልድ ሲድ» ነው። በዚህ ልቦለድ ከኑብያ የተነሣ፣ ከአንዱ ሰው አካል ወደ ሌላው እየተዘዋወረ ለሺህ ዓመታት የኖረ ስሙ «ዶሮ» የሆነ ፍጥረት፣ ከምዕራብ አፍሪካ የኢግቦ ሕዝብ የወጣችውን፣ መልኳን እንደ ወደደች የምትለዋውጠውን አንያንውን በቁጥጥሩ ሥር ለማድረግ ይታገላል። አንያንው ልታሸንፈው አትችልም። ልታደርግ የምትችለው ምን እንደምትሰጠውና ምን እንደማትሰጠው መወሰን ብቻ ነው፤ የልቦለዱ መቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ የሚፈጅ ታሪክም የዚያ ድርድር ታሪክ ነው።

ወደ ዋናው መጽሐፍ ልምጣ። «ኪንድረድ» በ1979 የታተመ ሲሆን መነሻው አንድ የኮሌጅ ትዝታ ነው። በትለር ተማሪ ሳለች የጥቁሮችን ታሪክ ጠንቅቆ የሚያውቅ አንድ ወጣት፣ ለረጅም ዘመን ወደ ኋላ ያስቀሩንን እነዚህን ሽማግሌዎች ሁሉ መግደል በወደድሁ ነበር፣ ግን ከገዛ ወላጆቼ መጀመር ይኖርብኛል ብሎ ሲናገር ሰማች። ወጣቱ የሚያውቀው ዓመተ ምሕረቱንና ድርጊቱን ነበር፤ በዚያ ውስጥ መኖር ምን እንደሚመስል ግን በልቡ አልገባውም። በትለር እናቷን አሰበች። ስለዚህ የዘመኗን ሰው ይዛ፣ የዘመኑን ኩራትና መብት እንደ ለበሰ፣ ወደ ባርነት ዘመን ልትልከው ወሰነች።

መጀመሪያ ዋናው ገጸ ባሕርይ ወንድ ነበር። ነገር ግን በሃያኛው ክፍለ ዘመን ያደገ ጥቁር ወንድ በባሪያ አሳዳሪዎች መካከል ቀና ብሎ ሲሄድ፣ ዓይን ለዓይን ሲያይ፣ ገና ከመነሻው ስለሚገደል ታሪኩን ሊዘልቅ አልቻለም። ሴት ብትሆን ግን አደገኛነቷን አሳንሰው ያዩታል፤ ስለዚህም በሕይወት ትቆያለች። ዳና የተባለችው ገጸ ባሕርይ የተወለደችው በዚህ ስሌት ነው። ዳና በ1976 በሎስ አንጀለስ አካባቢ ከነጭ ባሏ ጋር የምትኖር ወጣት ጸሐፊ ናት። በድንገት ራሷን ስታ ስትነቃ በሜሪላንድ፣ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ ወንዝ ውስጥ የሚሰምጥ አንድ ነጭ ሕፃን ፊት ቆማለች። ሕፃኑ ሩፈስ የባሪያ አሳዳሪ ልጅ ነው፤ ቅድመ አያቷም ነው። ሕይወቱ አደጋ ላይ በወደቀ ቁጥር እርሷን ወደ ዘመኑ ይስባታል፤ እርሷም የገዛ ዘሯ እንዳይቋረጥ፣ እየከፋ የሚያድገውን ይህን ሰው ደጋግማ ታድነዋለች።

ይህ ጉዞ በምን ዓይነት መሣሪያ ወይም ሕግ እንደሚከናወን መጽሐፉ አይናገርም። በትለርም ራሷ ይህ የሳይንስ ልቦለድ አይደለም ብላለች። እኔ ግን ከዚህ ዘርፍ ላወጣው አልፈልግም፤ አንድ የማይሆን ነገር ብቻ ፈቅዶ የቀረውን ሁሉ በጥብቅ እውነት ላይ ማቆም የዘርፉ ትልቁ ጥበብ ነውና። ያንንም እውነት ለማግኘት በግሬይሀውንድ አውቶቡስ አገር አቋርጣ ወደ ሜሪላንድ ተጓዘች፤ በባልቲሞር ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀመጠች፤ ከባርነት የተረፉ ሰዎች የተናገሩትን አነበበች። የጆርጅ ዋሽንግተንን ርስት ማውንት ቨርነንንም ጎበኘች። ካነበበችው ውስጥ የጭካኔውን ሙሉ መጠን ብትጽፈው ማንም ጨርሶ ሊያነበው እንደማይችል ስለ ተረዳች፣ ያቀረበችው የለዘበውን መልክ እንደሆነ ተናግራለች። መጽሐፉን ያነበበ ሰው ይህን ሲሰማ ደንግጦ መቀመጡ አይቀርም።

ከዚህ ልቦለድ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ገጸ ባሕርይ ዳናም ሩፈስም አይደሉም፤ የማእድ ቤቷ ሴት ሣራ ናት። የሣራ ልጆች ተሸጠውባታል፤ የቀረቻት አንዲት መናገር የማትችል ልጅ ብቻ ናት። ጌቶቿ ያችን አንዲቱን የተዉላት ሣራን አስረው ለማቆየት ነው። ሣራ ስለ ነጻነት መስማት አትወድም፣ ስለ መሸሽ የሚነገረውንም አታዳምጥም። ዳና መጀመሪያ ትንቃታለች፤ በ1960ዎቹ ትግል ጊዜ ወጣቶች «የነጭ ቤት ሞግዚት» እያሉ የሚሳለቁባት ዓይነት ሴት መስላ ታየቻት። በገጾቹ ሂደት ግን ዳና ራሷ ተገርፋ፣ ሸሽታ ተይዛ፣ ትናንት አላደርገውም ያለችውን ዛሬ ስታደርግ ስትገኝ ንቀቷ ይጠፋል። በኋላ በር የምትገባዋ የፓሳዲና እናት በዚያ ማእድ ቤት ውስጥ ቆማለች። በትለር ለእናቷ የከፈለችው ካሣ ነው ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም፤ ግን ካሣውን ያለ ውሸት ነው የከፈለችው፤ ሣራን ጀግና አላደረገቻትም፣ ሰው አደረገቻት እንጂ። ዳናም ወደ ዘመኗ የምትመለሰው ግራ ክንዷን አጥታ ነው። ከዚያ ዘመን ማንም ሙሉ ሆኖ ሊወጣ አይችልም ማለቷ ነበር።

ብዙ አሳታሚዎች ምን ዓይነት መጽሐፍ እንደሆነ ግራ ገብቷቸው ከመለሱት በኋላ የታተመው ይህ ልቦለድ፣ ዛሬ በአሜሪካ ትምህርት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች በስፋት ይነበባል።

በ1983 የወጣው «ስፒች ሳውንድስ» አጭር ታሪክ በሚቀጥለው ዓመት፣ በሳይንስ ልቦለድ ዘርፍ ከታወቁት ሽልማቶች አንዱ የሆነውን የሁጎ ሽልማትን አስገኘላት። በትለር መኪና መንዳት አልተማረችም፤ የሎስ አንጀለስን ከተማ ዕድሜ ልኳን በአውቶቡስ ነው የተመላለሰችበት። በካንሰር የምትሞት ወዳጇን ለመጠየቅ በምትመላለስበት ወራት፣ አውቶቡስ ውስጥ ከንቱ የሆነ ደም ያፋሰሰ ጠብ ተመለከተች። የሰው ልጅ ያለ ጡጫ የሚግባባበትን መንገድ ይማር ይሆን ብላ በሐዘን አሰበች፤ ከዚያም በሽታ የሰዎችን ንግግርና ንባብ የነጠቀበትን ዓለም ጻፈች።

ቀጣዩ «ብለድቻይልድ» በ1984 ታትሞ የሁጎንና ሌላውን የዘርፉን ታላቅ ሽልማት፣ የኔቡላን፣ አንድ ላይ ወሰደ። ከምድር ሸሽተው በሌላ ፕላኔት የተጠለሉ ሰዎች፣ የዚያ ዓለም ባለቤቶች የሆኑት ግዙፍ ነፍሳት እንቁላላቸውን በሰው አካል ውስጥ እንዲያሳድጉ ይፈቅዳሉ። ታሪኩን የሚተርከው ጋን፣ ለዚህ አገልግሎት ከመወለዱ በፊት የታጨ ወጣት ነው። ብዙዎች ታሪኩን ስለ ባርነት የተጻፈ አድርገው አነበቡት፤ በትለር ግን አይደለም አለች፤ የፍቅር ታሪክ ነው፣ ያረገዘ ወንድ ታሪክ ነው፣ የቤት ኪራይ ስለ መክፈልም የሚናገር ታሪክ ነው ብላ ጻፈች። በሰው አገር፣ በሰው መሬት ላይ ለመኖር የሚከፈለው ኪራይ ምን ሊሆን እንደሚችል ማሰቧ ነበር። ጋን በመጨረሻ ይስማማል፤ ነገር ግን ለሰዎች የተከለከለው ጠመንጃ ከቤቱ እንዳይወሰድ ይጠይቃል፤ ይፈቀድለታልም። በዚህች አንዲት ጥያቄ የተገዢነት ውል የባልንጀራ ውል ወደ መሆን አንድ እርምጃ ይጠጋል። በትለር የምታውቀው ነጻነት ይህን የሚያህል ነው፤ ትንሽ ቢሆንም ሐሰት የለበትም።

ይኸው ሐሳብ በ1987 ከወጣው «ዶውን» በሚጀምሩት ሦስት ልቦለዶች ይሰፋል። የፕሬዚዳንት ሬገን አስተዳደር ሰዎች የኑክሌር ጦርነትን ማሸነፍ የሚቻል ነገር አድርገው ሲናገሩ መስማቷ እንደ ቀሰቀሳት ገልጻለች። ከጦርነቱ የተረፉትን ሰዎች የሚያድኗቸው እንግዳ ፍጥረታት፣ ሰው ብልህ ነው፣ ግን ማዕረግና የበላይነት ማሳደድ በተፈጥሮው ውስጥ አለ፣ ሁለቱ አብረው ሲኖሩ ያጠፉታል ይላሉ። ያዳኑበትንም ዋጋ ይጠይቃሉ፤ የሚመጣው ትውልድ ከእነርሱ ጋር የተቀላቀለ ይሆናል። አዳኝ ናቸው ወይስ ቅኝ ገዢ? መጻሕፍቱ ለአንባቢው አይወስኑለትም፤ እኔም ከበርካታ ንባብ በኋላ አልወሰንሁም።

አሁን «ተንብያለች» ወደሚለው ነገር ልግባ። በ1993 የታተመው «የዘሪው ምሳሌ» የሚጀምረው በጁላይ 2024 ነው። በሎስ አንጀለስ አቅራቢያ፣ በግንብ በታጠረ ሰፈር የምትኖረው የ15 ዓመቷ ሎረን ኦላሚና፣ የሌላውን ሰው ሥቃይ በገዛ ሰውነቷ የሚያሰማት ሕመም ያለባት የባፕቲስት ሰባኪ ልጅ ናት። ዝናብ ጠፍቷል፣ ውኃ ተወድዷል፣ እሳት በየቦታው ይነሣል፣ ሥራ ፈላጊዎች በዕዳ ወደሚያስሯቸው የኩባንያ ከተሞች ይገባሉ። በ1998 በወጣው ተከታዩ «የመክሊቱ ምሳሌ» ደግሞ አንድ አክራሪ የፕሬዚዳንት ዕጩ፣ አሜሪካን ዳግም ታላቅ እናድርግ እያለ ይቀሰቅሳል። ይህ መፈክር በ2016 ምርጫ ሲስተጋባ ብዙዎች ደራሲዋን ነቢይት አሏት። ነገር ግን ሮናልድ ሬገን በ1980 ዘመቻው ከዚያ እምብዛም የማይለይ መፈክር ተጠቅሞ ነበር። በትለር መፈክሩን ከመጪው ዘመን አላወረደችውም፤ ከኋላዋ ነው ያነሣችው።

የእርሷ አሠራር ጋዜጣ መቁረጥ፣ ሬዲዮ ማዳመጥ፣ ቤተ መጻሕፍት መዋል ነበር። ችላ የምንላቸውን ችግሮች ተመልክቼ አድገው መዓት እስኪሆኑ ሠላሳ ዓመት ያህል ሰጠኋቸው የሚል ማብራሪያ ሰጥታለች። ነቢይት ስንላት፣ እርሷ አይታ እኛ ያላየነው ነገር በሰው ዘንድ ሊታይ የማይችል ነበር ማለታችን ነው። እርሷ ግን ተቃራኒውን ነበር የምትለው፤ ያየችው ሁሉ በማንም የከተማ ነዋሪ ዓይን ፊት የነበረ ነው። ስለዚህ ይህ ውዳሴ ሳይታወቀን ከኃላፊነት ያወጣናል።

በ1995 ልዩ የፈጠራ ችሎታ ላሳዩ ሰዎች የሚሰጠው የማካርተር የገንዘብ ድጋፍ ተሰጣት፤ በሳይንስ ልቦለድ ደራሲነት ይህን ያገኘች የመጀመሪያዋ ሰው ናት፤ የገንዘቡ መጠንም 295,000 ዶላር ነበር። እናቷ በ1996 አረፈች። «የመክሊቱ ምሳሌ» የ1999ን የኔቡላ ሽልማት አስገኘላት፤ በዚያው ዓመት ወደ ሲያትል አካባቢ ተዛወረች። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ከባድ ነበር። ሎረን የመሠረተችውን እምነት የሚከተሉትን ሰዎች በሌላ ፕላኔት ላይ የሚያሰፍረውን፣ የ«ምሳሌ»ዎቹን ሦስተኛ መጽሐፍ ደጋግማ ጀመረች፣ ደጋግማም ተወችው። ለደም ግፊት የምትወስደው መድኃኒት ያደክማት ነበር። በመካከሉ በ2005 «ፍሌጅሊንግ» የተባለውን ልቦለድ አሳተመች። ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2006፣ በሲያትል አጠገብ ካለው ቤቷ ደጃፍ ወድቃ በ58 ዓመቷ ሞተች።

ወረቀቶቿን ለሃንቲንግተን ቤተ መጻሕፍት ነበር የተወችው፤ እርሱም የሚገኘው በተወለደችበት በፓሳዲና ጎረቤት፣ በሳን ማሪኖ ነው። የልቦለድ ረቂቆቿ፣ የሂሳብ ማስታወሻዎቿና ለራሷ የጻፈቻቸው ማበረታቻዎች በዚያ ይገኛሉ። በ1988 በአንድ ደብተር ላይ መጻሕፍቷ በብዛት የሚሸጡ ደራሲ እንደምትሆን፣ ድሆች ጥቁር ወጣቶችን ወደ ክላሪዮን ሥልጠና እንደምትልክ ለራሷ ቃል ገብታ ነበር። ካረፈች በኋላ ካርል ብራንደን ሶሳይቲ የተባለው ማኅበር በስሟ የነጻ ትምህርት ዕድል አቋቁሞ ወጣት ጸሐፊዎችን ወደዚያው ሥልጠና መላክ ጀመረ። በሴፕቴምበር 2020 ደግሞ «የዘሪው ምሳሌ» በኒው ዮርክ ታይምስ የከፍተኛ ሽያጭ ዝርዝር ውስጥ ገባ። በ2021 የአሜሪካ የጠፈር ምርምር ድርጅት ናሳ ፐርሲቪራንስ የተባለችው ተሽከርካሪ በማርስ ላይ ያረፈችበትን ቦታ በስሟ ሰየመው።

ሥራዎቿን ለማንበብ ለምትነሡ አንድ ምክር ልስጥና ላብቃ። በታተሙበት ቅደም ተከተል አትሂዱ፤ በ«ኪንድረድ» ጀምሩ። ቀጥሎም «ብለድቻይልድ» የተካተተበትን የአጫጭር ታሪኮች ስብስብ ያዙ፤ በየታሪኩ መጨረሻ ከምን እንደ ተነሣችና ምን እንደ ፈለገች በራሷ ቃል አስፍራለችና፣ እነዚያን አጫጭር ማስታወሻዎች ግን ታሪኩን ጨርሳችሁ የራሳችሁን ፍርድ ከሰጣችሁ በኋላ ብቻ አንብቧቸው።